በጨው ሜዳ ላይ ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት

ብዙ ሰው ብርሃን በበዛ መጠን ፎቶግራፉ የሚያምር ይመስለዋል። እኔም እንደዚሁ ይመስለኝ ነበር። ይህን አሳቤን ያስለወጠኝ ዘንድሮ በጥር ዕረፍት ከአጎቴ ጋር ወደ አፋር ወርጄ ያየሁት የአሳሌ የጨው ሜዳ ነው።

አሳሌ በዳናክል በረሃ፣ ከባሕር ጠለል 120 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይገኛል። ሠራተኞቹ የጨዉን ቅርፊት በእንጨት ፈንቅለው በመጥረቢያ ይጠርቡታል፤ ከዚያም በግመል ይጫናል። ጥርቡ አሞሌ ይባላል፤ በአገራችንም ለብዙ ዘመን እንደ ገንዘብ አገልግሏል። ከጠራቢዎቹ አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው በአጎቴ አስተርጓሚነት «አንሣኝና ሥዕሉን ላክልኝ» አሉኝ። በቀትር አነሣኋቸው። ማታ ባየው ጨዉ አመድ መስሏል፤ የሰውዬው ፊት ጠቁሮ ዓይናቸው እንኳ አይለይም።

ምክንያቱ ይህ ነው። ካሜራ የብርሃኑን መጠን የሚለካው በፊቱ ያለው ነገር ሁሉ መካከለኛ ግራጫ እንደ ሆነ ቆጥሮ ነው። ስለዚህ ነጭ ሲበዛበት ብርሃን የበዛ መስሎት ይቀንሰዋል፤ ነጩ ግራጫ ይሆናል፣ በመካከሉ የቆመውም ሰው ይጨልማል። በአሸዋና በበረዶ ላይም እንዲሁ ነው።

መፍትሔውን ያገኘሁት በሰፈሬ በሽሮ ሜዳ ነው። በሸማ ሱቅ ደጃፍ የተሰቀለ ነጠላ አንሥቼ ለባለሱቋ ባሳያቸው፣ «ምነው ልጄ፣ ያልታጠበ አስመሰልህብኝ!» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የካሜራውን የብርሃን ማስተካከያ ወደ መደመር ምልክቱ አንድ ደረጃ ብገፋው ነጠላው ነጣ፤ ሁለት ደረጃ ብገፋው ግን ፈትሉ ጠፍቶ ወረቀት መሰለ። በስልክ የሚያነሣም ሰው መስታወቱን ነካ አድርጎ ብርሃኑን ከፍ ማድረግ ይችላል።

ሌላው ነገር ሰዓቱ ነው። በቀትር ጥላ ስለሚያጥር የጨዉ ስንጥቅ አይታይም፤ ሜዳው ሁሉ አንድ ይሆናል። ፀሐይ ከጐን በምትመታበት በጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ወይም ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ግን ትንሿ ጕብታ ሳትቀር ጥላዋን ትጥላለች። የአሸዋ ክምርም ነፋስ የሚመታው ጐኑ ለዘብ ያለ ዳገት፣ ማዶው ግን እስከ 34 ዲግሪ ያህል የሚያዘቀዝቅ ስለ ሆነ፣ አንዱ ጐን በርቶ ሌላው ሲጨልም ነው ቅርጹ የሚወጣው። (በነፋስ ጊዜ የካሜራውን ክዳን መክደን አይረሳ፤ ደቃቁ አሸዋ ሌንሱን ይጭረዋል።)

የሰውዬውን ፎቶግራፍ በኮምፒውተር ላቀናው ሞክሬ ነበር። ጨዉ ነጣ፤ ዓይናቸው ግን አልወጣም። አጎቴ እንደገና ወደዚያ ሊወርድ ሲነሣ ካሜራውን አዋስሁት፤ «በጠዋት፣ ፀሐይ ከጐን፣ አንድ ደረጃ ከፍ» ብዬም በወረቀት ጽፌ ከማኅደሩ ውስጥ አስቀመጥሁለት።