አራት ብሎን

ነገሩን ያስጀመረኝ የክርስትና ድግስ ነው። በአንድ የአሜሪካ ደቡብ ከተማ፣ ከጎኔ የተቀመጡ ሴት እንጀራውን በግራ እጃቸው ሲቆርሱ አየሁ። የቀኝ እጃቸው አንጓ በጥቁር ማሰሪያ ተጠፍሯል። «ይቅር በለኝ ልጄ፣ ግራኝ ሆኜ አይደለም፤ ብሎን ነው» አሉኝ። የለስላሳ ጠርሙስ ክዳን አነሡና ጠረጴዛው ላይ አራት ቦታ ጠመዘዙ። የሚሠሩት ማራገቢያ የሚገጣጠምበት ፋብሪካ ውስጥ ነው። ካቻቢቴው የኤሌክትሪክ ቢሆንም ሲጨርስ እጅን ይነቀንቃል፤ በእያንዳንዱ ማራገቢያ የእሳቸው ድርሻ አራት ብሎን ነው።

«ሥራው ከቻይና ተመልሶ የመጣ ነው። በተከፈተ ቀን ባንዲራ ተሰቀለ፣ ኬክ ተቆረሰ። እንኳን ደህና መጣህ የተባለው ሥራው ነው፤ እኛማ የገባነው በኤጀንሲ ነው።»

ከዚያ ቀን ወዲህ «ተመለሰ» የምትለው ቃል አልለቅ አለችኝ። ሥራ ይመልሳል ስለተባለው ታሪፍ ግርግር አንባቢ ጠግቧልና አልደግመውም። እኔን ያሳሰበኝ ሥራው ከባሕር ማዶ ሲመለስ የት እንደሚያርፍ ነው።

ፋብሪካ ርካሽ መሬት ፍለጋ መሰደድ የጀመረው ገና ባሕር ሳይሻገር ነው። የማሳቹሴትስ የጥጥ መፍተያዎችና መሸመኛዎች በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አሥርተ ዓመታት ወደ ካሮላይናዎቹ ወረዱ (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው)። ጥጡ እዚያው በቅርብ ነው፣ ጉልበቱ ርካሽ ነው፣ የሠራተኛ ማኅበር ደግሞ የለም ማለት ይቻላል። በ1947 የወጣው የታፍት ሃርትሊ ሕግ፣ ሠራተኛን ለማኅበር መዋጮ ማስገደድን ግዛቶች መከልከል እንዲችሉ ፈቀደ፤ ደቡቦቹም ተሽቀዳደሙበት። ዛሬም በሁለቱ ካሮላይናዎች ከመቶ ሠራተኛ የማኅበር አባል የሆነው ሦስት ያህሉ ብቻ ነው። ደቡብ ካሮላይና፣ አላባማና ቴኔሲ የራሳቸው የደመወዝ ወለል እንኳ የላቸውም። የሚሠራው የፌዴራሉ ነው፤ በሰዓት 7.25 ዶላር፣ ከ2009 ወዲህ ሳንቲም ያልተጨመረበት። ከውጭ የሚመለሰው ሥራ በብዛት የሚያርፈው እንዲህ ባለው መሬት ላይ ነው።

ከሁሉ ያስደሰተኝ ንባብ ግን የኬንታኪዋ የሉዊቪል ታሪክ ነው። የጄኔራል ኤሌክትሪክ የነበረው «አፕላያንስ ፓርክ» የራሱ የፖስታ ቁጥር ያለው፣ ከተማን የሚያህል የፋብሪካ መንደር ነው። በ1973 ወደ 23,000 ሰው ይሠራበት ነበር፤ በ2011 በሰዓት የሚከፈላቸው ሠራተኞች ከ2,000 አንሰው ነበር። በ2012 ጂኦስፕሪንግ የተባለው የውሃ ማሞቂያ ከቻይና ተነሥቶ እዚህ መመረት ጀመረ። ከዚያ በፊት መሐንዲሱም የመገጣጠሚያው ሠራተኛም አንድ ላይ ሆነው ዕቃውን ፈታቱት። የመዳብ ቱቦው እንደ አንጀት ተጠላልፎ ለብየዳ የማይመች ሆኖ አገኙት። እስከዚያ ድረስ የሚበይደው ሰው ባሕር ማዶ ስለነበረ፣ ሲቸገር የሚያይ አልነበረም። ንድፉን እንደ አዲስ አወጡት። ቻይና ውስጥ 10 ሰዓት ይፈጅ የነበረው መገጣጠም በ2 ሰዓት አለቀ፤ የመሸጫ ዋጋውም ከ1,599 ወደ 1,299 ዶላር ወረደ።

ይህን ሳነብ ልቤ ሞቆ ነበር፤ አልዋሽም። ወረድ ብዬ ሳነብ ግን ሌላ ነገር አገኘሁ። ቀደም ሲል ከማኅበሩ ጋር በተደረሰ ስምምነት መሠረት አዲስ ገቢ የሚጀምረው በሰዓት 13 ዶላር ተኩል አካባቢ ነበር፤ ከጎኑ የቆመው ነባር ሠራተኛ ከ20 ዶላር በላይ እያገኘ። ማሞቂያውም ዕድሜ አልነበረውም። በ2016 ምርቱ እንዲቆም ተወሰነ፤ በዚያው ዓመት የቤት ዕቃው ክፍል በጠቅላላ በ5.4 ቢሊዮን ዶላር ተሸጠ። ገዢው የቻይናው ሃየር ነው። ይኸው በሃየር ሥር ያለው ድርጅት በ2025፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሥራ ከቻይና ወደ ሉዊቪል አመጣለሁ፣ 490 ሚሊዮን ዶላር አወጣለሁ፣ 800 ሰው እቀጥራለሁ ብሏል። ሂሳቡ ከቀናው ቻይናዊውም ከቻይና ይነቅላል።

በቁጥር ደረጃ የሚመለሰው ከሄደው ጋር አይተካከልም። ደቡብ ካሮላይና ጋፍኒ የሚገኝ አንድ የፓርክዴል ክር መፍተያ በ2013 በ140 ሰው የሚያመርተው፣ በ1980 ቢሆን ከ2,000 ሰው በላይ ይጠይቅ ነበር።

ፋብሪካ ለመሳብ የግብር እፎይታ ከሚያድሉት የግዛት መሥሪያ ቤቶች ወደ አንዱ ደውዬ ነበር። አንዱ የሥራ ቦታ ለሕዝቡ በስንት ዶላር እንደሚመጣ ኃላፊውን ስጠይቃቸው «በኢሜይል ይላኩልኝ» አሉ። ላክሁ። ደግሜም ላክሁ። እስካሁን የደረሰኝ መልስ፣ እረፍት ላይ መሆናቸውን የሚናገረው አውቶማቲክ መልእክት ብቻ ነው።

ሴትዮዋ ግን የተጠየቁትንም ያልተጠየቁትንም ይመልሳሉ። «አጠገቤ የሚሠራ ሽማግሌ ፈረንጅ አለ። አባቱ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ይሠራ ነበር። በዚያ ደመወዝ ቤት ገዝቶ አምስት ልጅ አሳድጓል። እሱ አሁን የሚኖረው የሚስቱ እናት ቤት ነው። እኔን ሲያይ ‹አንቺ ከሩቅ መጥተሽ፣ እኔ እዚሁ ተወልጄ፣ እኩል ይከፈለናል› ይለኛል። በክፋት አይደለም፤ ይገርመዋል።»

ሐዋሳን ያነሡትም እሳቸው ናቸው። እህታቸው እዚያ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ትሰፋ ነበር። በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት መነሻ ደመወዙን በወር 26 ዶላር ያገኘው እዚያ ነው። ዕቃን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ለማስገባት ያስቻለው አጎዋ በ2022 መጀመሪያ ላይ ከኢትዮጵያ ሲነሣ የሆነውን አንባቢ ያውቃል። «የሷ የወር ደመወዝ እዚህ ሁለት ሰዓት ብሎን ማሰር ነው። ሥራ ስትፈታ ደውላ ‹እናንተ ጋ ተመለሰ አሉ አይደል?› አለችኝ። ምን ልበላት? የልብስ ስፌት አይደለም የመጣው አልኳት።»

ቡናው ሲቆላ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ። የሌሊት ሺፍት አለባቸው፤ አቦሉን እንኳ አይደርሱበትም። ጫማቸውን እያሰሩ ስልካቸው ጮኸ፤ ኤጀንሲው ነው። መነጽራቸውን አውጥተው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት፤ ዕቃ ስላልገባ ዛሬ ሌሊት መስመሩ አይሠራም፣ ነገ ይደወልላችኋል። ስልኩን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና ተመልሰው ተቀመጡ።

«እንግዲያስ እስከ በረካ ነኝ» አሉ፤ ለቀጂዋም በግራ እጃቸው ምልክት ሰጧት።