የበሽታ ስም በሕክምና መዝገብ ላይ

የሰው ልጅ ደስታውንና ኀዘኑን፣ ቍጣውንና ፍርሃቱን ከቃሉ አስቀድሞ የሚገልጸው በፊቱ ነው። የፊትን ጡንቻዎች የሚያሠራው ከአንጎል ጋር ከተያያዙት 12 ጥንድ ነርቮች መካከል 7ኛው፣ የፊት ነርቭ ተብሎ የሚጠራው ነው። ይህ ነርቭ በግራና በቀኝ፣ በጆሮ አጠገብ ባለው አጥንት ውስጥ በጠባብ ቦይ አልፎ ከጆሮ ሥር ይወጣና እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ በፊት ላይ ይሠራጫል። ነርቩ ሲታመም የፊት አንዱ ጎን ይዝላል፤ ዐይን አልከደን ይላል፤ አፍ ወደ ጤናማው ጎን ይሳባል፤ የጠጡት ውሃም በከንፈር ጥግ ይፈሳል።

ፊቱ የተጣመመበትን ሰው ያየ ሁሉ ሕመሙ አንድ ዓይነት ብቻ ሊመስለው ይችላል። አንዱ «ብርድ መታው»፣ ሌላው «ንፋስ ነካው» ይል ይሆናል። በሕክምና ሲመረመር ግን መንሥኤው ብዙ ነው። ከሁሉ የሚበዛው የቤል ሽባነት የሚባለው ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1821 ስለ ፊት ነርቮች ጥናት ካቀረበው ከስኮትላንዳዊው ሐኪም ከቻርልስ ቤል ነው። ይህ ሕመም በድንገት የሚጀምር ነው፤ ስሙም የሚሰጠው ሌላ ግልጽ መንሥኤ ሳይገኝ ሲቀር ነው። ከዚህም ሌላ በጆሮ ላይ የሚወጣ አልማዝ ባለጭራ፣ የጆሮ መመርቀዝ፣ በአደጋ ወይም በወሊድ ጊዜ የሚደርስ ጉዳት ነርቩን ሊያውኩት ይችላሉ። የአንጎል የደም ዝውውር ሲታወክ የሚመጣው ስትሮክ ደግሞ ነርቩ ራሱ ሳይጎዳ ፊትን ሊያጣምም ይችላል።

እነዚህን ለመለየት ሐኪሙ ከሚፈትናቸው ነገሮች አንዱ ግንባር ነው። የግንባር ጡንቻ ከሁለቱም የአንጎል ክፍሎች ትእዛዝ ስለሚቀበል፣ በስትሮክ ጊዜ ብዙውን ጊዜ መኰማተሩን አይተውም። ነርቩ ራሱ ሲታመም ግን ግንባርም ጭምር ይዝላል። ስትሮክ የያዘው ሰው በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል መድረስ አለበት፤ የቤል ሽባነት የያዘው ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ ፕሬድኒሶሎን የተባለውን መድኀኒት ቢጀምር ፈጽሞ የመዳን ዕድሉ ይጨምራል። ስለሆነም የሁለቱ ስም መለዋወጥ ቀላል ስሕተት አይደለም።

የምርመራው ውጤት በትክክል ካልተጻፈ የሐኪሙ ዕውቀት ከምርመራው ክፍል አያልፍም። ለዚህም የኬንያ ዋና ከተማ ናይሮቢ ጥሩ ምሳሌ ናት። በከተማዋ የሚገኘው የኬንያታ ብሔራዊ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1901 በ40 አልጋዎች ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ ዛሬ ከመላው ኬንያ ሕመምተኞች የሚላኩበት ታላቅ ማስተማሪያ ሆስፒታል ነው። በእንዲህ ያለ ከተማ የሚኖር ሕመምተኛ ሕመሙን በስዋሂሊ፣ በኪኩዩ፣ በሉኦ ወይም በሶማሊኛ ሊያስረዳ ይችላል፤ በዚያ ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን አንዱ ከሆነም «ፊቴ ተጣመመ» የሚለውን በአማርኛ አስቦ በሌላ ቋንቋ ይናገራል። ሐኪሙ ግን መዝገቡን የሚጽፈው በእንግሊዝኛ ነው። በልዩ ልዩ ቋንቋ የተነገረው ሕመም በመዝገብ ላይ አንድ ትርጉም እንዲኖረው የጋራ መለያ ያስፈልጋል።

ይህ መለያ ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ ይባላል። መሠረቱ ፈረንሳዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ዣክ በርቲዮን እ.ኤ.አ. በ1893 ያቀረበው የሞት ምክንያቶች ዝርዝር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት ኀላፊነቱን ተረክቦ በየጊዜው ሲያሻሽለው ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1990 በጸደቀው 10ኛ ክለሳ ጂ 51 ማለት የፊት ነርቭ ሕመም ማለት ነው። ከነጥቡ በኋላ ያለው ቁጥር ዓይነቱን ያመለክታል። ጂ 51.0 የቤል ሽባነት፣ ጂ 51.3 የአንድ ጎን ፊት ያለፈቃድ መንቀጥቀጥ፣ ጂ 51.9 ደግሞ ዓይነቱ ያልተገለጸ የፊት ነርቭ ሕመም ነው። በአደጋ የተጎዳ የፊት ነርቭ ግን በሌላ ምዕራፍ ኤስ 04.5፣ በወሊድ ጊዜ የተጎዳው ፒ 11.3 ይባላል።

መለያውን የሚሰጠው የመዝገብ ባለሙያ ሕመምተኛውን አላየውም፤ የሚያየው የተጻፈውን ብቻ ነው። ሐኪሙ «የፊት ነርቭ ሕመም» ብሎ ቢያቆም ባለሙያው ጂ 51.9 ከማለት በቀር ሌላ ምርጫ የለውም። «ይሆናል» ተብሎ የተገመተውን እንደ ተረጋገጠ አድርጎ ቢጽፍ ደግሞ ሕመምተኛው ያልያዘውን በሽታ ስም ተሸክሞ ይኖራል። እንዲህ ያሉ ስሕተቶች በየሆስፒታሉ ሲደጋገሙ ለየትኛው ሕመም ምን ያህል መድኀኒትና ባለሙያ እንደሚያስፈልግ የሚወስነው የጤና ዕቅድም ይዛባል።

መለያ ቍጥር ብቻውንም በቂ አይደለም። ጂ 51.0 የታመመው ጎን ግራ ይሁን ቀኝ አይናገርም። ስለዚህ ሐኪሙ የታመመውን ጎን፣ ሕመሙ የጀመረበትን ቀን፣ የግንባርንና የዐይንን ሁኔታ፣ በጆሮ ላይ ሽፍታ መኖር አለመኖሩን፣ የተሰጠውንም መድኀኒት መጻፍ አለበት። መለያውም ከክለሳ ወደ ክለሳ ይለወጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀውና በ2022 ሥራ ላይ በዋለው 11ኛ ክለሳ የቤል ሽባነት 8ቢ88.0 ሆኗል። በሚገባ የተጻፈ ስም ግን ክለሳ ቢለወጥም ይነበባል።

ኬንያ ለዚህ ሥራ ክብደት ሰጥታለች። እ.ኤ.አ. በ1927 የተመሠረተው የኬንያ የሕክምና ማሠልጠኛ ኮሌጅ የጤና መዝገብ ባለሙያዎችን ያሠለጥናል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ሕግ የእነዚህን ባለሙያዎች ሥልጠናና ምዝገባ ሲደነግግ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የመረጃ ጥበቃ ሕግ ደግሞ የሰውን የጤና መረጃ ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መካከል መድቦታል። መዝገብ በትክክል መጻፍ ብቻ ሳይሆን መጠበቅም አለበትና።

አባቶች «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። በሕክምና መዝገብ ግን ስሕተትም በጽሑፍ ይወረሳል። ስለዚህ የበሽታን ስም በጥንቃቄ መጻፍ የሕክምናው አንድ ክፍል እንጂ ከሕክምናው በኋላ የሚከተል ተራ የቢሮ ሥራ አይደለም።