ደመወዝ በቀረበት ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህሩ ምን ማድረግ ይችላል?

ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ለአሥርት ዓመታት ከሱዳናውያን ጋር ተጎራብተው በኖሩበት የካርቱሙ ዴም ሰፈር፣ የትምህርት ቤት ኃላፊ “ሙዲር”፣ መምህሩ ደግሞ “ኡስታዝ” ይባላል። ሁለቱ በወረቀት ላይ አለቃና ምንዝር ናቸው። ሚያዝያ 7/2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ጦርነት ሲፈነዳ ግን፣ በርካቶቹ ለወራት ደመወዝ ያጡ የመንግሥት ሠራተኞች ሆኑ።

ዩኒሴፍና ሴቭ ዘ ችልድረን ጦርነቱ በተጀመረ በስድስተኛው ወር ባወጡት መግለጫ፣ 19 ሚሊዮን ሕጻናት ከትምህርት ገበታ ውጪ መሆናቸውንና በግጭት አካባቢዎች ቢያንስ 10,400 ትምህርት ቤቶች መዘጋታቸውን አስታውቀዋል። የክፍያው ቅሬታ እንኳ ከጦርነቱ ይቀድማል። መምህራን ቀደም ባሉት ወራት ማሻሻያ ጠይቀው ሥራ አቁመው ነበር።

ጦሩ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ካርቱምን መልሶ ከተቆጣጠረ ወዲህ ነዋሪዎች መመለስ ጀምረዋል። ትምህርት ቤት ለመክፈት ግን ሕንጻ ማጽዳት ብቻ አይበቃም፤ መምህሩም መቆየት አለበት።

ርዕሰ መምህሩ ደመወዝ መክፈል አይችልም። የክፍለ ጊዜ ድልድል ግን በእጁ ነው። ከሰዓት በኋላ ሌላ ሥራ ሠርቶ ቤተሰቡን ለሚያስተዳድር መምህር ክፍለ ጊዜዎቹን በጠዋት ማሰባሰብ ሊያቆየው ይችላል፤ መስፈርቱ ለሁሉም ካልተነገረ ግን አድልዎ መስሎ መታየቱ አይቀርም።

የክፍል ምልከታም እንዲሁ ነው። በኢትዮጵያም በሱዳንም ብዙ መምህራን ምልከታን የሚያውቁት እንደ ነጥብ መሙያ ነው፣ ርዕሰ መምህሩ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ቅጽ ሲሞላ። በዴም ዓይነት ሰፈር ግን ሌላ ጥቅም አለው። በቤቱ አማርኛ ወይም ትግርኛ የሚናገር ልጅ በዐረብኛ ሲማር ዝም ካለ፣ ያልገባው ሒሳቡ ነው ወይስ ቋንቋው? ሰሌዳ ላይ የሚጽፍ መምህር ይህን ለመለየት ይቸገራል፤ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ግን ያየዋል። ስለዚህ ርዕሰ መምህሩ ከመግባቱ በፊት “የትኛውን ተማሪ ልመልከትልህ?” ብሎ መጠየቁ ከቅጹ ይበልጣል።

ኬኔት ሌይትዉድና ባልደረቦቻቸው በአውሮፓውያኑ 2004 ባወጡት ጥናት፣ ከትምህርት ቤት ጉዳዮች መካከል በተማሪዎች ውጤት ላይ ካለው ተጽዕኖ አንጻር አመራር ከክፍል ውስጥ ማስተማር ቀጥሎ ሁለተኛ መሆኑን አመልክተዋል።

በጣም አስቸጋሪው ጉዳይ የወላጆች መዋጮ ነው። መንግሥት ሳይከፍል ሲቀር ለመምህራን ማበረታቻ የሚውለው ይኸው ገንዘብ ነው። ሙዲሩ ብቻውን ከያዘው ሐሜት ይከተለዋል፤ መምህራን የመረጡት ሰው አብሮ ቆጥሮ፣ የገባውና የወጣው በመምህራን ማረፊያ ክፍል ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ግን ገንዘቡ ትንሽ ቢሆን እንኳ ጥርጣሬው ይቀንሳል።