ስለ ጧሪና ስለ ተጧሪ

ጧሪ ማለት በእርጅና ወይም በሕመም የደከመውን ሰው የሚመግብ፥ የሚያለብስ፥ የሚያስታምም ማለት ነው። የሚመገበውና የሚታገዘውም ተጧሪ ይባላል። ቃሉ የወጣው ጦረ ከሚለው ግሥ ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛ ዕድሜው ሲገፋ ሥራውን ትቶ በየወሩ የሚቀበለው ገንዘብ ጡረታ የተባለውም ከዚሁ ቃል ተወልዶ ነው። እንግዲህ ተማሪዎች ሆይ፥ «አባቴ ጡረታ ወጣ» ብላችሁ ስትናገሩ «አባቴ የሚጦርበት ጊዜ ደረሰ» ማለታችሁ እንደ ሆነ ዕወቁ።

የመንግሥት ሠራተኛ የሚጦርበት ዐዋጅ በ1955 ዓ.ም. ወጣ። በግል ድርጅት ተቀጥሮ ለሚሠራውም በ2003 ዓ.ም. ሌላ ዐዋጅ ወጣለት። ይህ ገንዘብ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ከሠራተኛው ደመወዝ በየወሩ እየተቆረጠ አሠሪውም እየጨመረበት የተጠራቀመ ነው። ገበሬ ግን ደመወዝ የለውም፤ ስለዚህ የሚቆረጥበትም የሚጨምርለትም አልነበረም። አርባና አምሳ ዓመት አርሶ አገር የመገበ ሰው ጉልበቱ በደከመ ጊዜ በጡረታው መዝገብ ስሙ ሳይጻፍ ቀረ። የገበሬ ጡረታው ልጁ ነበር።

ልጅም ቢሆን ሁልጊዜ በደጅ አይገኝም። የአባት መሬት ለወንድማማች ሲካፈል እያነሰ ስለ ሄደ አንዱ ልጅ ወደ ከተማ፥ አንዲቱ ወደ ዐረብ አገር ለሥራ ይሄዳሉ። የሄደው ሁሉ ወላጁን የረሳ ነው ማለት አይደለም፤ ያገኘውን ቆጥቦ የሚልክ ብዙ ነው። ነገር ግን ከጅዳ ወይም ከቤሩት የተላከ ገንዘብ ከምንጭ ውኃ አይቀዳም፥ እንጨት አይሰብርም፥ በሌሊት የታመመውን ደግፎ አያስነሣም። ይህን የሚያደርግ በቅርብ ያለ እጅ ነው።

በቅርብ ያለው ጎረቤት ነው። በገጠር ሰው ከሰው የሚረዳዳበት ሥርዓት ከጥንት ጀምሮ አለ። ወንፈል ማለት ዛሬ እኔ ለአንተ ባርስ ነገ አንተ ለእኔ ታርሳለህ ማለት ነው። ደቦ ደግሞ፥ በአንዳንድ አገር ጅጊ የሚሉት፥ ባለ እርሻው ጠላ ጠምቆና እንጀራ ጋግሮ ሰው ይጠራና ብዙ ቀን የሚፈጀውን ሥራ በአንድ ቀን የሚያስጨርስበት ነው። ሁለቱም መልካም ናቸው። ነገር ግን አስተውሉ፤ ለወንፈል የሚመልሱት ጉልበት፥ ለደቦም የሚያበሉትና የሚያጠጡት ያስፈልጋል። ጉልበቱም ጎተራውም ያለቀበት ሰው ከሁለቱም ውጭ ይቀራል። ጎረቤቶቹ ክፉዎች ስለ ሆኑ አይደለም፤ ሥርዓቱ የተሠራው ብድሩን መመለስ ለሚችል ሰው ስለ ሆነ ነው።

እድርም እንዲሁ ነው። እድርተኛው በየወሩ ጥቂት ገንዘብ ያዋጣል፤ ከእድርተኞች አንዱ በሞተ ጊዜ ድንኳን ይተከላል፥ ለቀስተኛው ይስተናገዳል፥ ሬሳውም በክብር ይሸኛል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሰው ቀባሪ አጥቶ እንዳይቀር ያደርጋልና። ነገር ግን ገንዘቡ ከሣጥኑ የሚወጣው ከሞት በኋላ ነው። ጣሪያው እያፈሰሰበት ሦስት ክረምት ያሳለፈ ሽማግሌ በሞተ ጊዜ ዝናም የማያስገባ ድንኳን በደጁ ይቆማል። በአንዳንድ ስፍራ እድርተኞች ይህን አይተው ደንባቸውን አሻሽለው በሕይወት ላሉት አቅመ ደካሞችም ከሣጥኑ እህልና ልብስ ይገዙ ዘንድ ጀምረዋል። ከብዙ አዲስ ነገር ይልቅ ይህ ደስ ያሰኘኛል፤ ሌላ ማኅበር ሳይፈልጉ በእጃቸው ያለውን አቅንተዋልና።

በክረምት ወራትም ወጣቶች በበጎ ፈቃድ ተሰብስበው የደካሞችን ቤት ሲከድኑ ይታያሉ። ይህም የሚመሰገን ነው፤ ብቻ ቤት በዓመት አንድ ጊዜ ቢከደን ይበቃዋል፥ እንስራ ግን በየቀኑ ይጎድላል።

አሁን ስለ መሬት እንናገር። የገጠር ሽማግሌና ባልቴት ካላቸው ሀብት ዋናው መሬት ነውና። ራሳቸው ማረስ ባልቻሉ ጊዜ መሬታቸውን ለሌላ ሰው በእኩል ወይም በሲሶ ይሰጣሉ፤ አራሹ በሬውንና ጉልበቱን ያመጣል፥ ምርቱንም እንደ ስምምነታቸው ይካፈላሉ። አራሹ ደግ ሰው እንደ ሆነ ይህ ብቻውን አንዲትን ባልቴት ሊያኖር ይችላል። ደግ ያልሆነ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ይከፋል። ባልቴቲቱ እስከ ዐውድማው ሄደው የሚሰፈረውን ቁና መቁጠር አይችሉም፤ አራሹም «ዘንድሮ ዋግ መታው» ብሎ አንዱን ስልቻ ለሁለት ስልቻ ድርሻ ቢያመጣ የሚከራከሩበት ምስክር የላቸውም። ስለዚህ በአስተዋይ መንደር የደካሞች እህል ሲሰፈር አንድ የታመነ ጎረቤት ቆሞ ያያል። ወጪ የለውም፤ የሚጠይቀው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው።

ደግሞም «የጦረኝ ይውረሰኝ» ብሎ መናዘዝ የቆየ ልማድ ነው። በዚህ ልማድ ብዙ ተጧሪ ጧሪ አግኝቷል። ነገር ግን ወረቀት ተጽፎ ቀርቦ በአውራ ጣት ፈርሙ የሚባልበት ሰዓት የሚያስፈራ ሰዓት ነው። ፊደል ያልቆጠረ ሰው የኪራይ ውል ነው ብለው ባቀረቡለት ወረቀት ላይ የስጦታ ውል ተጽፎ እንደ ሆነ በምን ያውቃል? ሦስት ዓመት የተባለው ሠላሳ ዓመት ተብሎ ቢጻፍስ? እናንተ ማንበብ የምትማሩ ልጆች በዚህ ላይ ሥራ አላችሁ። አያታችሁ ወይም የጎረቤታችሁ ባልቴት ወረቀት ቢቀርብላቸው ከመፈረማቸው በፊት ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። መሬቱ በየትኛው ወገን ካለው ማሳ ጋር እንደሚዋሰን፥ ስንት ዓመት እንደ ሆነ፥ ማን ምን እንደሚሰጥ፥ ምስክሮቹ እነማን እንደ ሆኑ ፈልጉ። ያልገባችሁ ቃል ቢኖር «ነገ ይፈረማል» ማለት ነውር አይደለም። የመሬታቸውን ደብተርም ለማንም ሰው አምነው እንዳይሰጡ አሳስቧቸው።

መንግሥትም በበኩሉ የሠራው አለ። በ1997 ዓ.ም. ከውጭ አገር ለጋሾች ጋር ሆኖ ረኀብ በሚመላለስባቸው ወረዳዎች ሴፍቲኔት የተባለውን ሥራ ጀመረ፤ በመጀመሪያው ዓመት 5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ገቡበት። ጉልበት ያለው ሰው እርከን ሲሠራ፥ መንገድ ሲጠርግ፥ ኩሬ ሲቆፍር እህል ወይም ገንዘብ ይቀበል ነበር። ጉልበት ለሌለው፥ በቤቱም የሚሠራለት ሰው ለሌለው ሽማግሌና ሕመምተኛ ግን ሳይሠራ ይሰጠው ዘንድ ተወሰነ። ይህ ቀጥታ ድጋፍ ይባላል። መጀመሪያ የሚሰጠው ሥራው በሚሠራባቸው ወራት ነበር፤ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ለቀጥታ ድጋፍ ተቀባዮች ዓመቱን በሙሉ 12 ወር እንዲሆን ተደረገ። ምክንያቱም ግልጥ ነው፤ ሠራተኛው መኸር ሲደርስ የራሱን እህል ያጭዳል፥ ደካማው ግን መኸር የለውም።

በትግራይም በ2003 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በዓብዪ ዓዲ ከተማና በሕንጣሎ ወጀራት ወረዳ ሌላ ሙከራ ተጀመረ። ሠርቶ የሚያድር ሰው ለሌለበት ድኻ ቤት በየወሩ 155 ብር መነሻ ሆኖ ይሰጥ ነበር፤ ይህም ሦስት ዓመት ያህል ቆየ። ብሩ የሚገባቸውን የመረጠው ከየቀበሌው ነዋሪ የተውጣጣ ኮሚቴ ነው፤ የማኅበረሰብ ክብካቤ ጥምረት ይሉታል። አሳቡ እንዲህ ነው። በአዲስ አበባ የተቀመጠ ጸሐፊ የማን ጎጆ ጢስ እንደማይወጣው አያውቅም፤ ጎረቤት ግን ያውቃል። እውነት ነው። ሆኖም ጎረቤት የሚያየው በደጁ የሚያልፈውን ነው። ከአልጋው መነሣት ያቃተው ሰው ወደ ስብሰባ አይመጣም፥ አይለምንም፥ አይጮኽም፤ ልጁ ውጭ አገር እንዳለ የታወቀ እንደ ሆነም፥ ልጁ አንድ ብር ባይልክ እንኳ፥ ሀብታም ተብሎ ይቆጠራል። እጅግ የሚያስፈልገው ሰው እጅግ ዝም የሚለው ነውና ስሞች በሚጻፉበት ቀን «ያልመጣ ማን ነው?» የሚል አንድ ሰው በስብሰባው መካከል ሊኖር ይገባል።

ስም ከተጻፈ በኋላም መንገድ ይቀራል። ብሩ የሚከፈልበት ስፍራ የግማሽ ቀን መንገድ ቢሆን ሽማግሌው ወኪል መላክ አለበት። ወኪሉ የታመነ ከሆነ መልካም ነው፤ ካልሆነ ግን ድጋፉ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲተላለፍ እየቀነሰ ይደርሳል።

በሕክምናም ነገር እንዲህ ያለ መንገድ አለ። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ተጀምሮ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች ሠልጥነው በጤና ኬላ እንዲቀመጡ፥ ቤት ለቤትም እየዞሩ እንዲያስተምሩ ተደረገ። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ በ13 ወረዳዎች የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ተሞከረ፤ ኋላም ወደ ብዙ ወረዳ ተስፋፋ። በዚህ ሥርዓት እያንዳንዱ ቤት በዓመት አንድ ጊዜ ያዋጣል፥ የታመመውም በጤና ጣቢያ ሳይከፍል ይታከማል። መክፈል የማይችለውን ድኻ ሕዝቡ ይመርጠዋል፥ መዋጮውንም መንግሥት ይከፍልለታል።

ከሕመም ሁሉ ግን በሽማግሎች ዘንድ ያለ ምክንያት የሚታገሡት የዓይን ሕመም ነው። በ1998 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በተደረገ ጥናት ከዕውሮቹ ግማሽ ያህሉ ብርሃናቸውን ያጡት በዓይን ሞራ እንደ ሆነ ታወቀ። በዓይናችን ውስጥ ብርሃን የሚያልፍበት እንደ መስተዋት የጠራ ነገር አለ፤ በእርጅና ጊዜ ይደፈርስና ጉም የጋረደው ይመስላል። ይህ ነው ሞራ። ሐኪም የደፈረሰውን አውጥቶ የጠራ ሰው ሠራሽ በስፍራው ያገባል፤ ሥራው አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅም፥ ታካሚውም ሳያንቀላፋ ዓይኑ ብቻ ደንዝዞ ይሠራለታል። ብዙ ሰው ግን «እርጅና ነው» ብሎ በጨለማ ተቀምጧል፤ ያየውም ሰው «እርጅና ነው» ብሎ አልፎታል።

አንዲት ባልቴት ወደ ሐኪም እንዲሄዱ ሲለመኑ እምቢ ቢሉ ፈርተው ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። ጠይቋቸው። ብዙ ጊዜ ምክንያታቸው ሌላ ነው፤ ዶሮዎቹን ከሸለመጥማጥ፥ ፍየሏን ከጅብ የሚጠብቅላቸው የለም፥ ቤቱም ባዶውን ማደር የለበትም። ስለዚህ ሽማግሌን ለሕክምና የሚወስድ ሰው አስቀድሞ የመድኅኑን ደብተር፥ የሁለት ቀን ስንቅ፥ በቅሎ ወይም ቃሬዛ የሚሸከሙ ሰዎች ካዘጋጀ በኋላ በቤቱ የሚያድር አንድ ሰው መፈለግ አለበት። ከእናንተ መካከል ዕድሜው አሥራ ሁለት የሞላው ከታላቅ ወንድሙ ወይም ከታላቅ እኅቱ ጋር ሆኖ ይህን ሊያደርግ ይችላል። ዶሮዎቹ ሲመሽ ወደ ቆጣቸው ይገባሉ፤ ፍየሏን ግን አስቀድሞ ማሰር ይሻላል፥ ባለቤቷን ስታጣ ወደ መንገዱ ትሄዳለችና።