ስለ ጥቃቅን የቤት ውስጥ አደጋዎችና ስለ ባልና ሚስት መመካከር

ባልና ሚስት ቤት ከመሠረቱበት ቀን ጀምሮ በየዕለቱ የሚያጋጥማቸው ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ ተራና ጥቃቅን ነው። ሽንኩርት ሲከተፍ ቢላዋ ጣት ይቆርጣል፤ ጀበና ገንፍሎ እጅ ያቃጥላል፤ የተሰበረ ብርጭቆ ስባሪ በማግስቱ በባዶ እግሩ የሚሄደውን ይወጋል፤ የምጣዱ ሶኬት በእርጥብ እጅ ሲነካ ይነዝራል። እንዲህ ያለው ነገር በሁሉም ቤት የሚደርስ ስለ ሆነ ማንም እንደ ቁም ነገር አይቆጥረውም፤ ወዲያው ይረሳል፤ ወይም ቡና ሲጠጣ መሣቂያ ይሆናል።

ሆኖም በትንሽ አደጋና በትልቅ አደጋ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ የአንድ እርምጃ ወይም የአንድ ደቂቃ ልዩነት ነው። የእመቤቲቱን እጅ ለብልቦ ያለፈው የፈላ ውሃ፥ ድስቱ ጥቂት አዘንብሎ ቢሆን ኖሮ በአጠገቡ ይድህ በነበረው ሕፃን ራስ ላይ በፈሰሰ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በቃጠሎ ምክንያት በያመቱ 180,000 ያህል ሰዎች ይሞታሉ፤ ሴቶችና ሕፃናትም በብዛት የሚቃጠሉት በገዛ ቤታቸው ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ስለዚህ በዚህ ወር ጽሑፋችን፥ ባልና ሚስት ስለ እነዚህ ጥቃቅን አደጋዎች አስቀድመው ቢመካከሩ ምን ያህል ጥቅም እንደሚያገኙ ለውድ አንባቢዎቻችን ለመግለጽ እንወዳለን።

በብዙ ቤት እንደሚታየው፥ አደጋ በደረሰ ጊዜ ከውሃና ከንጹሕ ጨርቅ ቀድሞ የሚመጣው ወቀሳ ነው። ባል፥ «አንቺ እኮ መቼም አታስተውዪም!» ይላል፤ ሚስትም፥ «ልጁን ያዝልኝ ብዬህ አልነበረምን?» ብላ ትመልሳለች። ክርክሩ በሚቀጥልበት ጊዜ ሁሉ የቃጠሎው ሙቀት ወደ ሥጋ ውስጥ ጠልቆ መግባቱን አያቆምም፤ ደሙም መፍሰሱን አያቋርጥም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው።

ወቀሳ ከዚህ የከፋ ሌላ ጉዳትም አለው፤ ይኸውም ወቀሳን የለመደ ሰው አደጋ ሲደርስበት መደበቅን ይማራል። ሚስት የተቃጠለ እጇን በነጠላዋ ሸፍና ትውላለች፤ ባልም የወጋውን የዛገ ምስማር ሳይናገር ያድራል፤ የቤት ሠራተኛይቱም ልጁ ላምባ መቅመሱን ለመናገር ትፈራለች። የተደበቀ ቁስል ደግሞ ያመረቅዛል፤ በምስማር ከተወጋ እግርም መንጋጋ ቆልፍ የተባለው ገዳይ በሽታ ሊመጣ ይችላል።

ከዚህ የተለየ አካሄድ ምን ፍሬ እንደሚሰጥ የሚያሳይ አንድ እውነተኛ ታሪክ እንጥቀስ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1920 በአሜሪካ አገር፥ በኒው ጀርሲ ግዛት፥ በኒው ብራንስዊክ ከተማ ኧርል ዲክሰን የተባለ ሰው ይሠራ ነበር። ሥራውም ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ለተባለው የሕክምና ዕቃ ፋብሪካ ጥጥ መግዛት ነበር። በቅርብ ያገባት ሚስቱ ጆሴፊን ምግብ ስታዘጋጅ ጣቷን ደጋግማ ትቆርጥ ወይም ታቃጥል ነበር። ቁስሉን በፋሻና በሚጣበቅ የሐኪም ጨርቅ ቢያስሩትም ሥራ ስትጀምር ማሰሪያው ወዲያው ይወልቃል፤ እርሱ በሌለ ጊዜም በአንድ እጇ ብቻ ቆርጣ ማሰር ያስቸግራታል።

ዲክሰን ችግሩን መርምሮ፥ ረጅም የሚጣበቅ ጨርቅ ዘረጋና በመካከሉ በየርቀቱ ቁራጭ ፋሻ አኖረበት፤ ማጣበቂያው እንዳይደርቅም ላዩን በሌላ ጨርቅ ሸፍኖ ጠቀለለው። ከዚያ ወዲያ ጆሴፊን ጣቷን በቆረጠች ጊዜ ከጥቅሉ በልክ ቆርጣ ቁስሏን ያለ ማንም ርዳታ ለመሸፈን ቻለች። ነገሩን ለአለቆቹ ባሳየ ጊዜ ፋብሪካው ተቀብሎ በ1921 ለገበያ አወጣው። መጀመሪያ በእጅ ይሠራ ስለ ነበርና ርዝመቱም 46 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለ ነበረ ገዢው ጥቂት ነበር፤ በ1924 በመኪና ተቆራርጦ መሠራት ከጀመረ ወዲህ ግን በዓለም ተሰራጨ። ዛሬ ከየመድኃኒት ቤቱ ፕላስተር ብለን የምንገዛው ይኸው ነው። ዲክሰንም በፋብሪካው እስከ ምክትል ፕሬዚዳንትነት ደርሶ በ1961 ዐረፈ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። የሴትዮዋ ጣት እንደገና እንደሚቆረጥ ታውቆ፥ ብቻዋን ስትሆን የሚያስፈልጋት ዕቃ አስቀድሞ ተዘጋጀ። በባዕድ አገር በትምህርት ላይ በነበርንበት ዘመን በየወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ፋሻና ፕላስተር የያዘ ትንሽ ሣጥን ተሰቅሎ እናይ ነበር። እንዲህ ያለውን ሣጥን ለማዘጋጀት ሀብት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው የሁለት ሰዎች ምክር ነው። ባልና ሚስት ሊመካከሩባቸው የሚገቡትን አራት ነገሮች ቀጥለን በተራ እንዘረዝራለን።

አንደኛ፤ ስለ ቃጠሎ። እሳት ወይም የፈላ ነገር ያቃጠለውን ገላ ሳይዘገዩ በቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ 20 ደቂቃ ያህል ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። ሳያብጥ ቀለበትንና የእጅ ሰዓትን ማውለቅ ይገባል። ቅቤ፥ ሊጥ፥ እንቁላል ወይም የጥርስ ሳሙና መቀባት ሙቀቱን በውስጥ ያፍናል፤ ቁስሉንም ያቆሽሻል። በረዶም ሥጋን ስለሚጎዳ አይደረግበትም። ውሃ ያቋጠረውን ሳያፈርጡ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ መያዝ ነው። ቃጠሎው ከተቃጠለው ሰው መዳፍ የሚሰፋ ከሆነ፥ ፊትን፥ እጅን ወይም መገጣጠሚያን የነካ ከሆነ፥ ወይም የተቃጠለው ሕፃን ከሆነ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ግዴታ ነው። በከተሞቻችን የቧንቧ ውሃ ስለሚቋረጥ ምንጊዜም አንድ ጀሪካን ንጹሕ ውሃ ለዚሁ ተብሎ በወጥ ቤት ይቀመጥ። እርሱንም ማን እንደሚሞላው ባልና ሚስት አስቀድመው ይወስኑ፤ ሁለቱም ሌላው ሞልቶታል ብለው ያሰቡ እንደ ሆነ ጀሪካኑ ባዶ ሆኖ ይገኛልና።

ሁለተኛ፤ ስለ ላምባ፥ ስለ በረኪናና ስለ አሲድ። ባል ለመኪናው ባትሪ ያመጣውን አሲድ፥ ሚስትም ከሱቅ በልክ ያስቀዳችውን በረኪና ወይም ላምባ በውሃ ወይም በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ አድርገው የሚያኖሩበት ቤት ብዙ ነው። ጠርሙሱን ያመጣው ሰው በውስጡ ያለውን ያውቃል፤ ሌላው ግን አያውቅም። የጠማው ሕፃን ደግሞ የሚያውቀው ጠርሙሱን ብቻ ነው። ስለዚህ እነዚህ ነገሮች በመጠጥ ጠርሙስ ፈጽሞ አይቀመጡ፤ ስማቸው ተጽፎባቸው ሕፃን ከማይደርስበት ስፍራ ተቆልፎባቸው ይቀመጡ። መድኃኒትም እንዲሁ።

ልጅ ላምባ ወይም በረኪና ጠጥቶ ቢገኝ እንዲያስታውክ ማስገደድ አይገባም። ላምባው ሲወጣ ወደ ሳንባ ገብቶ ብርቱ የሳንባ ሕመም ያመጣል፤ በረኪናና አሲድም ሲመለሱ ጉሮሮን ሁለተኛ ያቃጥላሉ። ወተትም ሆነ ሌላ ነገር በግድ ሳይግቱ፥ አፉን በውሃ አጥቦ፥ ጠርሙሱን ጭምር ይዞ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው። ደግሞም በረኪና ከአሲድ ጋር ከተቀላቀለ መተንፈሻን የሚያቃጥል መርዘኛ ጋዝ ይወጣዋል። ሚስት ጠዋት በረኪና ያፈሰሰችበትን መጸዳጃ ቤት ባል ሳያውቅ በአሲድ ለማጽዳት ቢሞክር ሁለቱም ለንጽሕና በማሰብ ቤታቸውን በመርዝ ሊሞሉት ይችላሉ።

ሦስተኛ፤ ስለ ከሰል። በክረምት ብርድ ሚስት ቤቱ እንዲሞቅ ማንደጃውን ወደ መኝታ ክፍል ታስገባለች፤ ባልም ብርድና ነፋስ እንዳይገባ በሩንና መስኮቱን ይዘጋል። እያንዳንዳቸው ያደረጉት ለቤተ ሰቡ በማሰብ ነው፤ ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ሌሊት ሲገናኙ ግን ሙሉ ቤተ ሰብ ሊያልቅ ይችላል። ከተቀጣጠለ ከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ መልክም ሽታም የለውም፤ ከሰሉ ፍም ሆኖ ጭሱ በጠፋ ጊዜም መውጣቱን አይተውም፤ አመድ ማልበስም አያስቀረውም። ይህ ጋዝ በደም ውስጥ ካለው ቀይ ነገር ጋር ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ስለሚጣበቅ፥ ሰውየው እየተነፈሰ ሳለ ሰውነቱ አየር ያጣል። ምልክቱም ራስ ምታት፥ ማዞር፥ ማቅለሽለሽና የሐሳብ መደናገር ነው፤ የተኛ ሰው ግን ይህን ሳይሰማው ሊሞት ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ሲገኝ በሩን ከፍቶ ወደ ንጹሕ አየር ማውጣትና ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ያስፈልጋል። ማንደጃ ወደ መኝታ ክፍል እንዳይገባ ባልና ሚስት እንደ ቤት ሕግ ይወስኑት።

አራተኛ፤ ስለ ኤሌክትሪክና ስለ ደም መፍሰስ። ኤሌክትሪክ ይዞ ያስቀረውን ሰው በእጅ የነካ ሁለተኛ ሟች ሊሆን ይችላልና አስቀድሞ ማብሪያ ማጥፊያውን ወይም በቆጣሪው ያለውን መዝጊያ ማጥፋት ይገባል። ይህም ሊሆን የሚችለው መዝጊያው የት እንዳለና እንዴት እንደሚጠፋ ሚስትም፥ ባልም፥ የቤት ሠራተኛይቱም ያወቁ እንደ ሆነ ነው። ደም ሲፈስ ደግሞ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ ሳይገልጡ 10 ደቂቃ ያህል መጫን ነው። የቡና ዱቄት፥ አመድ ወይም አፈር በቁስል ላይ መነስነስ በሽታን ወደ ሰውነት ማስገባት ነው። ምስማር የወጋው ሰው ቁስሉን በውሃና በሳሙና አጥቦ፥ ስለ መንጋጋ ቆልፍ ክትባት ለመጠየቅ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

እነዚህን አራቱን ነገሮች ስንመለከት፥ ጉዳቱ ብዙ ጊዜ አንዱ ያደረገውን ሌላው ባለማወቁ የሚመጣ መሆኑን እንረዳለን። ስለዚህ ባልና ሚስት በወር አንድ ጊዜ፥ ለምሳሌ በእሑድ ቡና ላይ፥ በቤታቸው ምን እንደ ተለወጠ ይነጋገሩ። አዲስ ጠርሙስ ገብቷልን? ሕፃኑ መዳህ ወይም መንጠላጠል ጀምሯልን? ሶኬቱ ላልቷልን? ባለፈው ወር የደረሰው ጥቂት ጉዳት በምን ምክንያት ደረሰ? በዚህ ንግግር ላይ የቤት ሠራተኛይቱም ትገኝ፤ ከሁሉ ይልቅ ከእሳቱ አጠገብ የምትውለው እርሷ ናትና። ያየችውን ስትናገር ቁጣ እንደማይጠብቃት በግልጽ ይነገራት።

ሣጥኑንም በዚሁ ቀን አብረው ይመርምሩ። በውስጡ ታጥቦና ደርቆ የታጠፈ ንጹሕ ጨርቅ፥ ፋሻ፥ ፕላስተር፥ መቀስና ሳሙና ይኑር። በክዳኑ ላይ በቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ስልክ ይጻፍ፤ በአዲስ አበባ የሚኖሩ ደግሞ የቀይ መስቀል አምቡላንስን 907፥ የእሳት አደጋን 939 ይጻፉበት።

መምህራንም በዚህ ሥራ ብዙ ሊረዱ ይችላሉ። በጤና ትምህርት ክፍለ ጊዜ ተማሪዎች በቤታቸው ላምባና በረኪና በምን ዕቃና በየት ስፍራ እንደሚቀመጡ፥ የኤሌክትሪኩም መዝጊያ የት እንዳለ አይተው እንዲመጡ ይዘዟቸው። ልጁ ማታ ለአባቱና ለእናቱ የሚያቀርበው ጥያቄ እኛ ከምንጽፈው ብዙ ገጽ ይልቅ ወደ ቤቱ ጓዳ ይገባል። ሳይደርቅ በእርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ እንዲሉ፥ ጠርሙሱ ከወለል ወደ መደርደሪያ የሚወጣበት ጊዜ ልጁ ሳይጠማ ነው።