ካልሲ ጥለት ሲኖረው፣ የእኛስ ጥለት የት ነው?

ፎክሎር ሲባል ለአብዛኞቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ተረትና ምሳሌ፣ እንቆቅልሽ፣ ቀረርቶና ፉከራ ነው። ይሁን እንጂ በኮርሳችን ስሙን ደጋግመን የምንሰማው ሪቻርድ ዶርሰን እ.ኤ.አ. በ1972 ባዘጋጀው መጽሐፍ መስኩን በአራት ሲከፍል ከሥነ ቃል፣ ከአገረሰባዊ ልማድና ከትውን ጥበባት ጎን ቁሳዊ ባህልንም አስቀምጧል። በዚህ ጽሑፍ ከቁሳዊ ባህል ውስጥ አንዲት ትንሽ ነገር፣ ማለትም ካልሲን መነሻ አድርጌ ስለ እኛው ጥለት ጥቂት ለማለት እሞክራለሁ።

ካልሲ ደግሞ ምን ባህል አለው? ሊባል ይችላል። አለው! በቱርክ መንደሮች፣ በባልቲክ አገሮችና በሌሎችም ቦታዎች በእጅ የሚሠራ ባለጌጥ ካልሲ የታወቀ የሕዝብ ጥበብ ነው። በግብፅ ከተገኙት ጥንታዊ የሹራብ ሥራዎች መካከል ከ11ኛው እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደተሠሩ የሚገመቱ፣ ከሰማያዊና ከነጭ ጥጥ የተሠሩ ባለጌጥ ካልሲዎች ይገኙበታል። ጌጡ ከላይ የሚቀባ ቀለም አይደለም። ሠሪዋ በየዙሩ ቋጠሮዎቹን እየቆጠረች፣ ሁለቱን ቀለም እያፈራረቀች ታወጣዋለች። አንዷን ቋጠሮ ከዘለለች አበባው ይጣመማል። ሥራው የሴት ብቻ ነው ማለትም አይደለም። በፔሩ፣ ታኪሌ በምትባለው ደሴት ሹራብ የሚሠሩት ወንዶቹ ናቸው፤ ይህ ጥበባቸው እ.ኤ.አ. በ2008 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

ወደ እኛ ስንመጣ ግን እንዲህ ያለ የካልሲ ባህል አናገኝም። ስሞቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ። «ካልሲ» ከጣሊያንኛ የመጣ ቃል ነው። «ሹራብ» ደግሞ በግብፅና በሱዳን የመንደር ዓረብኛ ለካልሲ ከሚሰጠው ስም ጋር አንድ ዘር ነው፤ እኛ ጋ ሲደርስ ከእግር ወደ ደረት ወጣ ማለት ነው። ብርድ ስለሌለን አይደለም፣ ደጋው ይበርዳል። ሱፍም አለን፤ የመንዝ ሰው የበጉን ጠጉር ፈትሎ ባናና ዝተት ይሠራበታል። ነገር ግን ብርዱን የምንከላከለው በመከናነብ ነው። ጋቢ አራት እጥፍ የሆነው ለዚሁ ነው። አብዛኛው ሰው በባዶ እግሩ ይሄድ በነበረበት ዘመን ደግሞ እግር ላይ ጌጥ ለማሳረፍ ማን ይደክማል?

ታዲያ ጌጡ የት ሄደ? ወደ ልብሱ ጫፍ ሄደ። ጥለት የምንለው እሱ ነው።

ጥለት ከመድረሱ በፊት ያለው ሥራ ረጅም ነው። ጥጡ በመዳመጫ ፍሬው ይወጣለታል፣ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል፣ ከዚያ አመልማሎ ይጠቀለላል፣ በእንዝርት ይፈተላል፣ ፈትሉም ልቃቂት ይሆናል። እስከዚህ ድረስ በአብዛኛው የሴቶች እጅ ነው። ሸማኔው ድሩን ዘርግቶ፣ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ መርገጫውን እየረገጠ ማጉን በመወርወሪያ ያስገባል። ጥለቱ ላይ ሲደርስ ግን መወርወሪያው ብቻውን አይበቃም። የድሩን ክሮች በጣቱ እየቆጠረ ያነሣል፤ ባለቀለሙን ክር በመካከላቸው ያስገባል፤ ከዚያ ማግ ወርውሮ ያጠብቀዋል። እንደገና ይቆጥራል። መስቀሉም ሆነ የዓሣ አጥንት የመሰለው ቅርጽ የሚወጣው ከዚህ ቁጥር ነው። ከወረቀት የሚያነበው ንድፍ የለውም፤ ንድፉ ያለው ጭንቅላቱና ጣቱ ውስጥ ነው። እንግዲህ ከካልሲ ሠሪዋ ጋር የሚያመሳስለው ይኼ ነው፤ ሁለቱም ጌጥን በቁጥር ይሠራሉ።

እንዲህ ያለ ሂሳብ የሚችል ሰው ግን በአገራችን ሲከበር አልኖረም። ሸማኔ፣ ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ በሙያቸው ይሰደቡ እንደነበር የታወቀ ነው። አፄ ምኒልክ በዘመናቸው መጨረሻ ገደማ ባለሙያን በሥራው መስደብን በዐዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። በአባ ጅፋር ዘመን ሐሙስ ሐሙስ ይቆም የነበረው የሂርማታ ገበያ ያለ ሸማ አይታሰብም፤ ሸማውን የሠራው እጅ ግን ስም አልነበረውም። ዛሬም ጅማ ውስጥ በሽመና ከሚተዳደሩት መካከል የዳውሮ ተወላጆች ይገኛሉ። በየቡም ሆነ በአጋሮ፣ የቡና ብር እጅ ሲገባ ልብስ መግዛት የተለመደ ነው። ጥያቄው ብሩ ለየትኛው ልብስ ይወጣል? የሚለው ነው።

ምክንያቱም ገበያው ላይ አሁን ሌላ ጥለት አለ። በፋብሪካ ጨርቅ ላይ የታተመ፣ ከሩቅ ሲያዩት ከሽመናው የማይለይ፣ ዋጋውም ረከስ ያለ። ሸማኔው ቀናት የቆጠረውን ማሽን በደቂቃ ያትመዋል። ሕግስ? የኢንዱስትሪ ንድፍን የሚጠብቀው ዐዋጅ ቁጥር 123/1987 ንድፉ አዲስ እንዲሆን ይጠይቃል። ከአያት የወረደ ጥለት ደግሞ አዲስ አይደለም። ስለዚህ የሁሉም ስለሆነ የማንም አይደለም ማለት ነው፤ የሚገለብጠው ሰው የሚጠይቀው የለም። አቅም ያጣውን ገዢ መውቀስ አይገባም፣ ነገር ግን ለይቶ ማወቅ ለማንም ይጠቅማል። ልብሱን ገልበጥ አድርጎ ማየት ነው። በእጅ የተሠራው ባለቀለም ክር በጀርባውም በኩል ይታያል፣ ሲዳስሱትም ከፍ ይላል፤ የታተመው ግን ከጀርባው ደብዝዞ ይገኛል።

በሌላው ዓለም የካልሲ ጌጦች ከሠሪዎቹ ጋር እንዳይቀበሩ ካደረጓቸው ነገሮች አንዱ በጣም ቀላል ነው፦ ባለካሬ ወረቀት። አንድ ካሬ አንድ ቋጠሮ ሆኖ ጌጡ ይሣላል፤ ሠሪዋ ብትሞት እንኳ ሌላዋ ቆጥራ ትሠራዋለች። እኛም ለሒሳብ የምንገዛው ካሬ ደብተር አለን። ለሥነ ቃል ኮርስ ተረት ልንሰበስብ ስንወጣ፣ ሸማኔ ካገኘን ከጎኑ ቁጭ ብለን፣ አስፈቅደን፣ ክሩን አብረን ቆጥረን አንድ ጥለት ብንሥል ምን አለበት? ከሥዕሉ ጎን የጥለቱን መጠሪያ፣ የዕቃዎቹን ስምና የተማረበትን ቦታ እንጻፍ፤ የባለሙያው ስምም ከፈቀደ አይቅር። ተረቱን የነገረንን ሰው ስም እንመዘግብ የለ? ጥለቱን የቆጠረውም ያው ነው።