የፎቶው ጀርባ

የቤተሰብ አልበም ከቡፌው ወጥቶ ለእንግዳ ሲቀርብ ሰው ሁሉ የሚያየው ፊቱን ነው። እኔ ግን ፎቶውን አውጥቶ የመገልበጥ አመል አለብኝ። ከጀርባው የፎቶ ቤቱ ማኅተም ይኖራል፤ ሲቀናኝ ደግሞ በእስክሪብቶ የተጻፈች አንዲት መስመር አገኛለሁ፦ «ለውድ እህቴ፣ ለማስታወሻ፣ 68»።

ይቺ 68 ታሳስታለች። በፎቶው ላይ ያለችው የዘማች ልብስ የለበሰች ወጣት ናት እንበል። 1968 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ወቅት ነው፤ ተማሪውም መምህሩም ገጠር የወረደበት። ዋሽንግተን ያደገ የልጅ ልጅ ግን ቁጥሩን በለመደው አቆጣጠር ያነበዋል፤ አያቱም አብዮቱ ሳይፈነዳ፣ በጃንሆይ ዘመን ዘምታ ቁጭ ትላለች። ከቁጥሩ ጎን «ዓ.ም.» ተብሎ ቢጨመር ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ስሙም እንዲሁ ነው። «ጋሼ ከሠርጉ በኋላ» ብሎ የጻፈው ሰው ማንን እንዳለ ያውቃል፤ የአንዱ ጋሼ ግን ለሌላው አባባ ነው። ከትውልድ ትውልድ የሚወርድ የቤተሰብ ስምም በእኛ ዘንድ አልተለመደም። ስለዚህ እስከ አያት ድረስ መጻፍ ነው። ከቤት ስሙ ጎን የመዝገቡ ስም፣ የተነሱበት ሰፈር፣ ከግራ ወደ ቀኝ ማን ማን እንደቆመ።

በእስክሪብቶ ግን አይጻፍ። ጫፉ ወደ ፊት ይበሳል፣ ቀለሙም አጠገቡ ወዳለው ፎቶ ይጋባል። በለስላሳ እርሳስ፣ ሳይጫኑ፣ ጠርዙ ላይ ቢጻፍ ይሻላል። ጀርባው እንደ ላስቲክ የሚያንሸራትት ከሆነ እርሳስ አይዘውም፤ ያኔ ፎቶውን ፖስታ ውስጥ ከቶ ፖስታው ላይ መጻፍ ነው፤ ጽሑፉ ግን ፎቶው ከመግባቱ በፊት ይለቅ።

ጥቁርና ነጩ ፎቶ ምስሉ የብር ቅንጣት ስለሆነ ዕድሜ አለው። የቀለሙ ግን ጨለማ ውስጥ ተቀምጦም ይደበዝዛል፤ የሠርጉ ሰው ሁሉ ቀልቶ የሚታየው ለዚህ ነው። ስካን ማድረግ ከቀለሙ ይጀመር፤ በኢንች 600 ነጥብ ይበቃል፣ ጀርባውም አብሮ ይነሳ። በቴሌግራም ሲላክ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይሁን፤ አለዚያ ይጨመቃል። ሙጫ በተቀባ ገጽ ላይ ላስቲክ የሚለበጥበት አልበም ፎቶ ይጎዳል። የተጣበቀውን በጥርስ ክር ከሥር በቀስታ ማላቀቅ ይቻላል፤ እምቢ ካለ ገጹን እንዳለ ስካን ማድረግ እንጂ መጎተት የለም።

እነዚህ ፎቶዎች የቤት ጉዳይ ብቻ አይደሉም። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» መጽሐፍ የከተማዋን የትናንት ኑሮ ያሳየው ከየቤቱ አልበም በተሰበሰቡ ፎቶዎችና ታሪኮች ነው። መስቀል አደባባይ ባለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየምም ግድግዳውን የሞላው የሟቾቹ ፎቶ ነው፤ ለሙዚየም ብሎ የተነሳ ግን ማንም የለም።

እናትዎ በሕይወት ካሉ አንድ ቅዳሜ ቡናው እየተፈላ አልበሙን ያቅርቡላቸው፤ ስልክዎም ድምፅ ይቅዳ። «ይቺ ማናት?» ብቻ ብለው አይለፉ፤ ስም ይነግሩዎትና ገጹን ይገልጣሉ። «ኮቱን ማን ሰፋው?» ብለው ይጠይቁ። ኮቱ የፎቶ ቤቱ፣ ሰዓቱ የጎረቤት፣ ጫማው ደግሞ ጠባብ እንደነበር የሚሰሙት ያኔ ነው።